በራጅ የሚታየው ሰማይ

ሰው እግሩ ሲሰበር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። ሐኪሙም «ራጅ ተነሣ» ይለዋል። በሽተኛው ከመሣሪያው ሥር ይጋደማል። የሚያየው ብርሃን የለም። የሚሰማውም ነገር የለም። ጥቂት ቆይቶ ግን ሐኪሙ የአጥንቱን ሥዕል ይዞ ይመጣና «ይኸውልህ፣ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው» ብሎ በጣቱ ያሳየዋል። ሥጋው ሳይከፈት አጥንቱ ታየ ማለት ነው።

ይህ ራጅ የምንለው ጨረር በሐኪም ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከሰማይም ይመጣል። በሐኪም ቤት ጨረሩን የሚያወጣው መሣሪያው ነው። በሰማይ ግን የሚያወጡት ሩቅ ያሉ ነገሮች ናቸው፤ የሰው ሥራ መቀበልና መቁጠር ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሰዎች የሰማዩን ራጅ እንዴት እንዳገኙት፣ በእርሱም ሩቅ የከዋክብት አገሮችን እንዴት እንደ ቆጠሩ እንመለከታለን።

ዓመቶቹን የምንጽፋቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ 8 ዓመት መቀነስ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ ላለው ጊዜ ግን 7 ብቻ ይቀነሳል።

1. ዓይናችን የሚያየው ጥቂቱን ነው

ብርሃን ብዙ ዓይነት ነው። ዝናብ ሲያባራ ቀስተ ደመና ይወጣል። በቀስተ ደመናው ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እናያለን። እነዚህ ዓይናችን የሚያውቃቸው ናቸው። ዓይናችን የማያውቃቸው ግን ይበዛሉ።

እስቲ አንድ ነገር እናስታውስ። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይ ማታ ይሞቃል። ሳንነካው እጃችንን ጠጋ ብናደርግ ሙቀቱ ይሰማናል። ከድንጋዩ የሚወጣው ሙቀት የብርሃን ዘመድ ነው፤ ዓይን ግን አያየውም። ድምፅ ወደ ራዲዮናችን የሚያመጣው ሞገድም የብርሃን ዘመድ ነው። ራጅም እንዲሁ ነው።

ራጅን ያገኘው ቪልሄልም ረንትገን የሚባል የጀርመን ሊቅ ነው። ጊዜው በ1895 ነበር። ምን ዓይነት ጨረር እንደ ሆነ ስላላወቀ «ኤክስ» አለው። ኤክስ በሒሳብ ትምህርት ያልታወቀ ነገር መጠሪያ ነው። ኤክስሬይ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ረንትገን የሚስቱን እጅ በዚህ ጨረር ቢያነሣው የጣቶቿ አጥንቶችና ያደረገችው ቀለበት ታዩ።

2. ራጅ ከምን ይወጣል?

ባለ እጅ ማረሻ ሲሠራ አይተናል። ብረቱን እሳት ውስጥ ይከተዋል፤ ወናፉን ይነፋል። ብረቱ መጀመሪያ ይቀላል። ሙቀቱ ሲጨምር ቢጫ ይሆናል። አሁንም ሲጨምር ወደ ነጭ ይሄዳል። ባለ እጁ የብረቱን ሙቀት የሚያውቀው ከቀለሙ ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚወጣው ብርሃን ዓይነት ይለወጣል ማለት ነው።

የፀሐይ ፊት ሙቀት 5,500 ዲግሪ ያህል ነው። ይህም ነጭ ብርሃን ይሰጠናል። አንድ ነገር ከዚህም አልፎ እስከ ሚሊዮን ዲግሪ ቢግል ግን ከእርሱ የሚወጣው ብርሃን አብዛኛው ራጅ ይሆናል። ስለዚህ ከሰማይ ራጅ የሚመጣበት ቦታ ሁሉ አንድ ብርቱ ነገር እየተካሄደበት ነው።

3. አየር የጋረደን መጋረጃ

ታዲያ ይህ ጨረር ከሰማይ የሚመጣ ከሆነ ለምን በምድር ላይ ሆነን አናገኘውም? የሚያስቀረው አየር ነው።

አየር ቀላል ይመስለናል እንጂ ከበላያችን ያለው ሁሉ ቢሰበሰብ ብዙ ነው። ክብደቱ 10 ሜትር ጥልቀት ካለው ውሃ ጋር ይተካከላል። የሐኪም ቤቱ ራጅ አንድ ሁለት ስንዝር ውፍረት ያለውን የሰው ገላ አልፎ ይሄዳል። 10 ሜትር ውሃን ግን አያልፍም። የሰማዩም ራጅ እንዲሁ ከላይ፣ አየሩ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል።

ይህ ለእኛ ደግ ነገር ነው። ራጅ ሲበዛ ገላን ይጎዳል። የራጅ ባለሙያው ጨረሩን ሲለቅ ከግድግዳ ጀርባ የሚቆመው ለዚህ ነው። አየሩ ባይጋርደን ኖሮ ኑሯችን ከባድ ይሆን ነበር። ነገር ግን የሚጠብቀን መጋረጃ እንዳናይም ያደርገናል። የሰማዩን ራጅ ማየት የፈለገ ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

4. የስድስት ደቂቃ ሥራ

በጁን ወር 1962 በአሜሪካ አገር፣ ኒው ሜክሲኮ በሚባለው በረሃማ ግዛት፣ አንድ ትንሽ ሮኬት ወደ ላይ ተተኮሰ። ሥራውን ይመራ የነበረው ሪካርዶ ጃኮኒ የሚባል ኢጣሊያ ተወላጅ ነው። ሮኬቱ ጨረር የሚቆጥሩ መሣሪያዎች ይዞ ነበር። 225 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ወደቀ። ከአየር በላይ ሆኖ ሰማይን የተመለከተው ለስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ሰዎቹ የፈለጉት ጨረቃ ራጅ ታወጣ እንደ ሆነ ለማወቅ ነበር። የጨረቃን አላገኙም። ሌላ ያልጠበቁት ነገር ግን አገኙ። አቅራብ በሚባለው የከዋክብት ክምችት በኩል እጅግ ብርቱ የሆነ የራጅ ምንጭ ታየ። ከዚህም ሌላ ሰማዩ በሙሉ፣ በየትም አቅጣጫ፣ በደካማ የራጅ ወጋገን ተሞልቶ ተገኘ።

ይህ ወጋገን ከየት መጣ? አንዳንዶች በሰማይ ሁሉ የተበተነ የጋለ ጋዝ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ የለም፣ በሩቅ ያሉ የብዙ ነገሮች ብርሃን ተደባልቆ ነው አሉ። ማን ልክ እንደ ሆነ በስድስት ደቂቃ የሚታወቅ አልነበረም። መልሱ እስኪገኝ ወደ 40 ዓመት ፈጀ።

5. ከጎረቤት አገር የተነሣው ኡሁሩ

ሮኬት ወጥቶ ይወድቃል። ለረጅም ጊዜ ለማየት ግን ምድርን እየዞረ የሚቆይ መሣሪያ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ሳተላይት ይባላል።

ለሰማይ ራጅ ብቻ የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት የተነሣው ከጎረቤታችን ከኬንያ ባሕር ዳርቻ ነው። ኢጣሊያኖች በማሊንዲ ከተማ አቅራቢያ፣ ባሕር ውስጥ፣ የሮኬት ማስነሻ መድረክ ሠርተው ነበር። አሜሪካኖች የሠሩት ሳተላይት በዲሴምበር 12 ቀን 1970 ከዚያ ተተኮሰ። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያ ቀን ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ነበር። ስለዚህ ሳተላይቱን «ኡሁሩ» አሉት። ኡሁሩ በስዋሂሊ ቋንቋ ነፃነት ማለት ነው።

ኡሁሩ ሰማይን እየዞረ ከሁለት ዓመት በላይ ቆጠረ። የቆጠራቸው የራጅ ምንጮች በመዝገብ ሲጻፉ 339 ሆኑ። የሰማይ ራጅ የመጀመሪያው የቆጠራ መዝገብ ይህ ነው። ጃኮኒ ለዚህ ለረጅም ዘመን ሥራው በ2002 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሆኖም ኡሁሩ ሥዕል አያነሣም ነበር። ጨረር ከየት በኩል እንደ መጣ ይናገራል እንጂ ጥርት አድርጎ አያሳይም። ለዚያ መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። ቴሌስኮፕ ማለት ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

6. ራጅን የሚመልስ መስተዋት

ተራ መስተዋት ራጅን አይመልስም። ጨረሩ ፊት ለፊት ከመጣበት መስተዋቱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሊቃውንቱ መላ መቱ። መላውን ለመረዳት ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ልጆችን እናስብ።

ድንጋይ ከላይ ወደ ታች ውሃ ውስጥ ቢጣል ይሰጥማል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃውን ታክኮ እንዲሄድ ተደርጎ ከተወረወረ ግን እየነጠረ ይሄዳል። ራጅም እንደዚሁ ነው። መስተዋቱን ታክኮ እንዲያልፍ ከተደረገ ይነጥርና አቅጣጫውን ይለውጣል።

ስለዚህ የራጅ ቴሌስኮፕ መስተዋት እንደ ሳህን አይደለም። እንደ ሰፊ ቧንቧ ነው። ጨረሩ በቧንቧው አፍ ገብቶ የውስጡን ግድግዳ እየታከከ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበሰባል። ብዙ ጨረር እንዲሰበሰብ ቧንቧዎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይደራረባሉ። ሩቅ የከዋክብት አገሮችን በእንዲህ ያለ መስተዋት ሥዕል ያነሣው የመጀመሪያው ሳተላይት አይንስታይን ይባላል። ወደ ጠፈር የወጣው በ1978 ነው።

7. ወጋገኑ መብራት ሆኖ ተገኘ

አሁን በ1962 ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ያ ወጋገን ከየት ነው?

በ1990 ሮሳት የሚባል የጀርመን የራጅ ቴሌስኮፕ ጨረቃን ሥዕል አነሣ። በሥዕሉ ላይ ፀሐይ ያልደረሰበት የጨረቃ ጎን ከዙሪያው ካለው ሰማይ ይልቅ ጨልሞ ታየ። ሰው በእሳት ፊት ሲቆም እሳቱን እንደሚጋርድ ጨረቃ ወጋገኑን ጋረደችው። ወጋገኑ ከጨረቃ ወዲያ የሚመጣ ነው ማለት ነው። ግን ምን ያህል ወዲያ?

በጁላይ ወር 1999 አሜሪካኖች ቻንድራ የሚባል ቴሌስኮፕ ወደ ጠፈር አወጡ። ስሙ ህንድ አገር ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ የሠራውን የቻንድራሴካርን መታሰቢያ የያዘ ነው። ቻንድራ እጅግ ጥርት ያለ መስተዋት አለው። ምድርን የሚዞረው በጣም ርቆ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ጨረቃ የሚወስደውን መንገድ ሲሶ ያህል ይርቃል።

በሌሊት ከተራራ ላይ ሆነን ሩቅ ያለ ከተማ ብናይ አንድ ወጋገን ይመስላል። እየቀረብን ስንሄድ ግን መብራቱ አንድ በአንድ ይለያል። ቻንድራ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድ ይመስል የነበረው የሰማይ ወጋገን አብዛኛው በየነጥቡ ተለያየ። ነጥቦቹም በአብዛኛው ሩቅ ያሉ ጋላክሲዎች ሆነው ተገኙ።

ጋላክሲ ምንድን ነው? ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ቀና ስንል ሰማይን የሚያቋርጥ ነጣ ያለ መንገድ ይታያል። ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። እርሱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት የተከማቹበት ነው። ፀሐያችንም ከእነርሱ አንዷ ናት። እንዲህ ያለው የከዋክብት አገር ጋላክሲ ይባላል። ከእኛ ጋላክሲ ሌላ እጅግ ብዙ ጋላክሲዎች አሉ። ርቀታቸው በኪሎ ሜትር አይነገርም። ብርሃን በ1 ሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ቻንድራ ካያቸው ሩቅ ጋላክሲዎች የአንዳንዶቹ ብርሃን ግን እኛ ዘንድ ለመድረስ ከ12 ቢሊዮን ዓመት በላይ ተጉዟል። ስለዚህ የምናየው የዛሬ መልካቸውን አይደለም፤ የጥንቱን ነው።

8. የማይታየው እንዴት ታየ?

በነዚህ ጋላክሲዎች ውስጥ ራጁን የሚያወጣው ምንድን ነው? በመካከላቸው ያለ ጥቁር ጉድጓድ የሚባል ነገር ነው። እንደ ምድር ጉድጓድ አይደለም። እጅግ ብዙ ነገር በጠባብ ቦታ ታጭቆ የሚገኝበት ነው። ወደ ላይ የወረወርነው ድንጋይ የሚመለሰው ምድር ስለምትስበው ነው። ጥቁር ጉድጓድ ግን ብርሃንን እንኳ ስቦ ያስቀራል። ከእርሱ ውስጥ የሚወጣ ነገር ስለሌለ ጥቁር ተባለ።

ታዲያ እንዴት ይታያል? ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው ዱቄት ትኩስ ሆኖ እንደሚወጣ ያውቃል። እህሉን ያሞቀው እሳት አይደለም። መፋተጉ ነው። ወደ ጥቁር ጉድጓድ የሚወርደው ጋዝም በዙሪያው እየተሽከረከረ እርስ በርሱ ይፋተጋል። እጅግም ይግላል። በጉድጓዱ አፍ ላይ እንዳለ፣ ገና ሳይገባ፣ ራጅ ያወጣል። የምናየው ያንን ነው።

ብዙዎቹ ጥቁር ጉድጓዶች በአቧራና በጋዝ ተሸፍነዋል። ተራ ብርሃን ከዚያ አይወጣም። ራጅ ግን ሥጋን እንደሚያልፍ አቧራውን ያልፋል። የጋላክሲውን ገላ ሳይከፍቱ አጥንቱን ማየት የተቻለው በዚህ ነው።

9. ሁለት ዓይነት ቆጠራ

የዱር አራዊትን መቁጠር ቢያስፈልግ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አገሩን ሁሉ ዞሮ ያገኙትን መመዝገብ ነው። ሌላው በአንድ ምንጭ አጠገብ ተቀምጦ ውሃ ሊጠጣ የሚመጣውን ሁሉ፣ ትንሹንም ጭምር፣ መጠበቅ ነው። የሰማይ ቆጣሪዎችም ሁለቱንም ይሠራሉ።

ቻንድራ ሁለተኛውን መንገድ ይዞ በደቡብ ሰማይ ያለችን አንዲት ቦታ ደጋግሞ ተመለከተ። ቦታዋ ከሙሉ ጨረቃ ታንሳለች። የተመለከተበት ጊዜ ሲደመር 7 ሚሊዮን ሰከንድ፣ ማለትም 81 ቀን ያህል ሆነ። ራጅ ከሩቅ ሲመጣ እንደ ጥሬ በቅንጣት ነው የሚቆጠረው። ከአንዳንዱ ጋላክሲ በብዙ ቀን ውስጥ የምትደርሰው አንዲት ቅንጣት ብቻ ናት። ሥራው ትዕግሥት ነው። በ2017 ውጤቱ ሲገለጽ ከዚያች ትንሽ ቦታ 1,000 ያህል የራጅ ምንጮች ተመዘገቡ። ከ10ሩ 7ቱ ያህል ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው።

ዞሮ የመቁጠሩን ሥራ የያዘው ኢሮሲታ ነው። ጀርመኖች ሠሩት። ሩሲያኖች ከራሳቸው ቴሌስኮፕ ጋር በአንድ መንኮራኩር ጫኑት። በጁላይ ወር 2019 ካዛክስታን ከሚገኘው ባይኮኑር ተነሣ። ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ተቀመጠ። 7 ቴሌስኮፖች አሉት። በእያንዳንዱ ውስጥ በወርቅ የተለበጡ 54 መስተዋቶች ተደራርበዋል። በየ6 ወሩ ሰማይን አንድ ጊዜ ዞሮ ይጨርስ ነበር። መዝገቡን ሁለቱ አገሮች እኩል ሊካፈሉ፣ ግማሹን ሰማይ አንዱ፣ ግማሹን ሌላው ሊይዝ ተስማምተው ነበር።

ጀርመኖች የደረሳቸውን የግማሽ ሰማይ መዝገብ በጃንዋሪ 2024 አወጡ። የመጀመሪያው የ6 ወር ዙር ብቻ ነው። ከ900,000 በላይ ምንጮች ተጽፈውበታል። ከእነዚህ 710,000 ያህሉ በሩቅ ጋላክሲዎች ያሉ ግዙፍ ጥቁር ጉድጓዶች ናቸው። የኡሁሩ መዝገብ 339 ነበር። በ50 ዓመት ውስጥ የተደረሰበትን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ነገር ግን ሥራው እንደታሰበው አላለቀም። ዕቅዱ ሰማይን 8 ጊዜ መዞር ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ወደ ዩክሬን ጦር ስታዘምት ጀርመን የጋራ ሥራውን አቆመች። ኢሮሲታም እንዲተኛ ተደረገ። 4 ዙር ጨርሶ አምስተኛውን ጀምሮ ነበር። መሣሪያው አልተሰበረም። ሰማዩም አልጨለመም። የተጣሉት በምድር ያሉት ናቸው። ደካሞቹ ምንጮች የሚታዩት ዙሩ ሲደጋገምና ቅንጣቱ ሲጠራቀም ነው። ስለዚህ በቀሩት ዙሮች ይገኙ የነበሩት ሳይቆጠሩ ቀሩ። እርሻ በደቦ ተጀምሮ በመካከሉ ሰው ቢጣላ የሚሆነውን ገበሬ ያውቀዋል።

10. ምን ይጠቅማል?

ይህ ሁሉ ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰማይ ራጅ ጤፍ አያበቅልም። ዝናብም አያመጣም።

ነገር ግን ረንትገንም በ1895 ያንን ጨረር ሲያገኝ የተሰበረ እግር ለማከም ብሎ አልነበረም። ማወቅ ፈልጎ ነው። ዓመት ሳይሞላ ሐኪሞች ስብራት ያዩበት ጀመር። ዛሬ በሐኪም ቤት የሳንባችን በሽታ የሚታየው ከዚያ በተገኘው ነው። የሰማዩ ዕውቀት ነገ ምን እንደሚወልድ ዛሬ ላይ ሆነን አንናገርም። እስካሁን የሰጠውን ግን መናገር እንችላለን። ጥቁር ጉድጓዶቹ ከዛሬ ይልቅ በጥንት ዘመን አብዝተው ይበሉ እንደ ነበር ታውቋል። ጋላክሲዎች እንዴት እንዳደጉ መከታተል ተችሏል። የእኛው ጋላክሲ መካከልም ጥቁር ጉድጓድ አለበት፤ ክብደቱ 4 ሚሊዮን ፀሐይ ያህላል። በዚህ ዘመን የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ጸጥ ብሏል።

ደግሞም ይህ ሁሉ የቆመው በመዝገብ ላይ ነው። የ1962ቱ ሰዎች ያዩትንና ያልገባቸውን ጽፈው ባያስቀምጡ ኖሮ የኋለኞቹ ምን እንደሚፈልጉ ባላወቁ ነበር። አንዱ ጻፈ፤ ሌላው አንብቦ ጨመረበት። ጥያቄውን ከጻፉት ብዙዎቹ መልሱ ሲገኝ አርጅተው ነበር። ጥያቄው ግን በጽሑፍ ስለቆየ አልጠፋም። እኛም ዛሬ ማንበብ ስለቻልን ነገሩ ደረሰን። ማታ ደጅ ወጥተን በከዋክብት መካከል ያለውን ጨለማ ስናይ ባዶ አለመሆኑን እናስታውስ።

ጥያቄዎች

1. የሰማይ ራጅ ከምድር ላይ የማይታየው ለምንድን ነው? ይህስ በምን ይጠቅመናል?
2. የራጅ ቴሌስኮፕ መስተዋት ለምን እንደ ቧንቧ ሆነ? በወንዝና በድንጋይ ምሳሌ አስረዱ።
3. በጁን 1962 የተተኮሰው ሮኬት በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?
4. ኢሮሲታ 8 ዙር ሊዞር ታስቦ 4 ጨረሰ። እያንዳንዱ ዙር 6 ወር ከሆነ ሥራው በሙሉ ስንት ዓመት ሊወስድ ታስቦ ነበር?
5. በጋራ ተጀምሮ በጠብ ምክንያት የቀረ ሥራ በአካባቢያችሁ አለ? ተነጋገሩበት፤ የተነጋገራችሁትንም ጻፉ።